የበሬው ስም

ናይሮቢ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአያ ክንዱ፤

የግራ ጉልበትዎ ክረምትን እንደማይወድ አውቃለሁና አስቀድሜ እሱን እጠይቃለሁ፤ እንዴት ከረመ? ቀጥዬ ቤቱን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን እጠይቃለሁ። እኔ እዚህ በምሠራበት ሆስፒታል ላቦራቶሪ ደህና ነኝ። ለጠበቀኝ አምላክ ምስጋና ይድረሰው፤ እናንተንም እንዲሁ ይጠብቅልኝ።

የአስማረን ፍርድ ከልጅዎ ከየትነበርሽ ሰማሁ። አሥራ ስምንት ዓመት አለችኝ። አስማረ ያጎቴ ልጅ ብቻ አይደለም፤ አንድ ጋቢ ለብሰን ያደግን ነን። ሰው አልገደለም። እኔም አውቃለሁ፣ እርስዎም ያውቃሉ።

በስልክ አላነጋግርም ማለትዎን ነግራኛለች። ስለዚህ እጽፋለሁ፤ እሷ ከምትሠራበት ከዳባት ጤና ጣቢያ አትማ ታድርስልዎ፣ የእርስዎንም መልስ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። ለይግባኙ የሚሆን ገንዘብ በእሷ በኩል ልኬአለሁ። ጎንደር ይርገዱ የምትባል ጎበዝ ጠበቃ አለች ይላሉ፤ እሷን ይያዙ። ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር ካለ አይደብቁኝ።

የወንድምዎ ልጅ፣
ሙሉቀን


ከዳባት በላይ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሙሉቀን፤

አባትህ ያረፈበት የደብራችን ሚካኤል በሰው አገር ክንፉን ይጋርድህ። ዛሬ ጽዮን ማርያም ናት፤ ከቅዳሴ ስመለስ ነው የምጽፍልህ። ጉልበቴ ሸጋ ነው። የታመመው ከጉልበቴ በላይ ያለው ነው። ደብዳቤህ የዘገየው መንገድ ተዘግቶ ከርሞ ነው። መልሴ የዘገየው ደግሞ ስናደድ ስለማልጽፍ ነው።

ስልክ ምነው ጠላህ ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ልጄን ያሳሰረው ስልክ ነው። ይርገዱን ይዣታለሁ። ነገሩን ከሥሩ እየደጋገማችሁ ተናገሩት፣ የረሳችሁት ነገር አይጠፋም ብላኛለችና አንተ ብታውቀውም ልድገምልህ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ የሕማማት ሰኞ፣ አስማረ ወፍጮ ቤት ቆሞ ላንተ ደወለ። ሞተሩ ይጮኻል፣ እሱም ይጮኻል። ወፍጮኛው ምንይችል የሰማው ይህን ነው፤ «የሻውን ቅዳሜ እንጥለዋለን። ካራው ተስሏል። ሰውም ሞልቷል፣ አንተ ብቻ ድረስ።» ሐሙስ ለዓርብ ሌሊት ጎረቤታችን የሻው በስለት ተወግቶ ሞተ፣ ሬሳው ዓርብ ጠዋት ከወንዙ ዳር ተገኘ። ከአስማረ ጋር የድንበር ጠብ እንደነበራቸው አገር ያውቃል። ምንይችል የሰማውን ተናገረ። አልዋሸም፤ እኔም እዚያ ቆሜ ብሰማ ያንኑ እናገር ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

እኛ ቤት በሬ የሚጠራው በሸጠልን ሰው ስም ነው። አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ያን ሰነፍ ቡሬ በሬ የሸጠልን የሻው ነውና በሬው «የሻው» ሆነ። ለፋሲካ አርደን ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ልንካፈለው ነበር። ካራው የተሳለው ለእሱ ነው፣ የሞላውም የቅርጫው ሰው ነው። ሐሙስ ማታ ደግሞ አስማረ ለበዓሉ ዕቃ ሊገዛ ጎንደር ወርዶ አንተ ዘንድ አዘዞ ነው ያደረው።

ያን ሌሊት የት እንዳደረ መናገር የምትችል አንተ ነህ። አንተ ደግሞ በክሱ ላይ «ያልተያዘ ግብረ አበር» ተብለሃል። መክራችሁ ገደላችሁት ነው የሚሉ።

ገንዘብህን የትነበርሽ መልሳ ትልክልሃለች፤ በጎቹን ሸጫለሁ። ምን ላድርግ ላልከኝ፣ ና።

አጎትህ ክንዱ


ናይሮቢ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአያ ክንዱ፤

ጥምቀትን በሰላም እንዳሳለፋችሁ ተስፋ አለኝ። መልስ ሳልሰጥ በመቆየቴ ይቅር ይበሉኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል አያምኑኝምና አልልም።

መምጣቱን አስቤበታለሁ። የሥራ ፈቃዴ የሚታደስበት ወቅት ነው፤ አሁን ከወጣሁ መመለሻ አይኖረኝም። ደግሞም ከአውሮፕላን ስወርድ ነው የሚይዙኝ። ያን ጊዜ አንድ የነበረው እስረኛ ሁለት ይሆናል እንጂ ለአስማረ የሚጠቅመው ነገር አይታየኝም። ይልቅ ኤምባሲ ቀርቤ ቃሌን በጽሑፍ ልስጥ፤ እሱን ችሎት ያስገቡት።

አንድ ነገር ልበል፣ አይቆጡኝ። አስማረ ለፖሊስም ለችሎቱም «በሬውን ነው ያልኩት» ብሎ ተናግሯል። ዳኞቹ እርስዎን አስመጡና የበሬው ስም ማን ነው ብለው ጠየቁ። እርስዎ ምለው ሲያበቁ «ስም የለውም» አሉ። አባት እንዲህ ካለ ልጁን ማን ያምነዋል? ይህን የሰማሁ ቀን ሥራ መሥራት አቅቶኝ ዋልኩ።

የየሻው ሚስት ታየች ዘንድ ሽማግሌ ቢላክስ? በሬውን የሸጠው ባሏ ነውና ስሙን ሳታውቅ አትቀርም። ካሳ ከተባለም እኔ አለሁ። በእርቅ መልክ ብትቀርቧት እሺ ትል ይሆናል።

አክባሪዎ ሙሉቀን


ከዳባት በላይ፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙሉቀን፤

እግዜር ይጠብቅህ። ሰላምታዬን ዛሬ አላረዝመውም።

ስም የለውም ያልኩ እኔ ነኝ። አንተ እዚያ አልነበርክም። ታየች ራሷን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ፣ ከፊቴ ተቀምጣለች። ባሏ ከተቀበረ ዓመት አልሞላውም። ዳኛው የበሬህ ስም ማን ነው ይለኛል። በዚያች ሴት ፊት የባሏን ስም ለከብት ልጥራው? «የሻውን እናርደዋለን ያልነ በሬውን ነው» ልበል? ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ስለ መሐላው ፈጣሪ ይፍረድብኝ። ዛሬ ሄጄ ስም አለው ብል ደግሞ ለልጁ ሲል ዋሸ ነው የምባል፤ ይርገዱም ይህንኑ ነው ያለችኝ።

ሽማግሌ ስላልከው፣ ሰው አገር ስትቀመጥ ወጉን ረሳኸው? ሽማግሌ የሚልክ ገዳይ ነው። ካሳ የሚከፍል ደም ያፈሰሰ ነው። ዛሬ ሽማግሌ ብልክ ነገ አገሩ በሙሉ «ክንዱ አመነ» ይላል፤ ዐቃቤ ሕጉም ጆሮ አለው። ከታየች ጋር ማሳችን ድንበርተኛ ነው፤ ሰላምታ ከተቋረጠ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ወደ እሷ የሚያስኬድ መንገድ የለኝም።

የኤምባሲውን ነገር ለይርገዱ ነገርኳት። ወረቀት መስቀለኛ ጥያቄ አይመልስም አለችኝ። አንተ የናይሮቢ ትኬትህ ለዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ነበር። አስማረ ተያዘ ሲባል በስቅለት ማታ አስቀይረህ ወጣህ። ዐቃቤ ሕጉ በችሎት ፊት የሚያነሳብን ይህን ነው፤ ንጹሕ ሰው ምን ያስሮጠዋል ይላል። እኔም እሱን ልጠይቅህ ፈልጌ ሁለት ደብዳቤ ሙሉ ዋጥኩት።

ፈሪ ለእናቱ ይባላል። ያንተ እናት ካለፈች ቆየች። ለማን ብለህ ነው?

ይግባኙ ለግንቦት ተቀጥሯል።

ክንዱ


ከዳባት በላይ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሙሉቀን፤

መልስ አልሰጠኸኝም። ቢሆንም እጽፋለሁ፤ ያለፈው ደብዳቤዬ መራራ ነበርና በእሱ ላይ ብሞት አልወድም። ጾሙን ያስፈጽምህ።

ባለፈው ሳምንት ታችኛው ማሳ ላይ ጠምጄ ነበር። ያ ቡሬ እስከ ዛሬ አለ። አስማረ ከታሰረ ወዲህ ማን ያርደዋል? ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቼ አርስበታለሁ። የሻው ከሞተ ጀምሮ ስሙን ጠርቼው አላውቅም። ታየች ከድንበሩ ማዶ ትውላለችና በጅራፍና በፉጨት ብቻ ነው የምነዳው። ድሮም ሰነፍ ነበር፣ ስሙን ካጣ ወዲህ ጭራሽ ባሰበት።

ያን ለት ምን እንዳስደነበረው እንጃ፣ ሞፈር ቀንበሩን እየጎተተ፣ የሰውን በሬም ይዞ፣ ወደ ገደሉ ነጎደ። እኔ በዚህ ጉልበቴ ልደርስበት? አፌ አመለጠኝ። «የሻው! ተመለስ የሻው!» አልኩ። በሬው ቆመ።

ታየችም ድንጋይ ከምትለቅምበት ቀና አለች። ያኔ ገደሉ እኔን በወሰደኝ አልኩ። ጅራፉን ጥዬ ቆምኩ። ድንበሩ ድረስ መጣችና፣

«አያ ክንዱ፣ ማንን ነው የጠሩ?» አለችኝ።

«በሬውን።»

«ይኸ ከኛ የተገዛው ነው?»

«እሱ ነው።»

«ታዲያ ምነው አንቱ ስም የለውም ብለው ማሉ?»

«አንቺ ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ፣ እንዴት አድርጌ ልበለው?» አልኳት።

መሬት ተቀመጠች። ከዚያ የነገረችኝን ልንገርህ። የሻው ከገበያ ሲመለስ ይስቅ ነበር አለች፤ «የክንዱ ልጅ ስሜን ጠምዶ ሲገርፈኝ ይውላል፣ ራቴን እንኳ አያበላኝ» እያለ። አስማረ ለችሎቱ በሬ ነው ሲል እሷ ልታምነው ዳድቷት ነበር። እኔ ምዬ ስም የለውም ስል ግን «ሽማግሌ፣ ቆራቢ፣ አይዋሽም፤ የሻው ሲቀልድ ኖሯል» ብላ ተወችው።

ክብሯን ጠበቅሁ ብዬ፣ የሚያምነውን አንድ ሰው ከልጄ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። አለቀስኩ፣ አላፍርብህም።

ከዚያ ምን አለችኝ መሰለህ፤ «ሽማግሌ እንዳይልኩብኝ። ከላኩ ገደልን ማለት ነው፣ እኔም መመስከር አልችል። በራሴ እሄዳለሁ። ባሌን የገደለ ሰው አስማረ ታስሮለት በሰላም እየተኛ ነው።»

እንግዲህ ባሏን የቀበረች ሴት ይህን ካለች፣ አንተ የምትለውን አንተ ታውቃለህ። ከእንግዲህ ና ብዬ አልለምንህም።

አጎትህ ክንዱ


ናይሮቢ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ክንዱ፤

የጠየቁኝን ልመልስ። ፈርቼ ነው። አስማረን ይዘው ስሜን እንደጠሩ ስሰማ፣ ከስልኩ ጫፍ የነበርኩት እኔ ነኝና ማንም አያምነኝም አልኩ። ቦርሳዬን ያዘጋጀሁት አስማረን ሳላስብ ነው። በኋላ ባሰብኩት ቁጥር ገንዘብ ላኩልዎ።

የሐሙሱን ሌሊት ዛሬ እንደገና ሳስበው አንድ ነገር መጣልኝ። ጸሎተ ሐሙስ ነበርና የአዘዞ አከራዬ ወይዘሮ ይመኙሽ ጉልባን በሳህን ላከችልን። አስማረ ጨው አነሰው ብሎ እስኪጨርሰው ድረስ አማረረ። ጠዋት ሳህኑን የመለሰላት እሱ ነው። ለይርገዱ ዛሬውኑ ደውዬ ነግሬአታለሁ።

ፈቃዱ ታደሰም አልታደሰም እመጣለሁ። መልካም ፋሲካ።

ሙሉቀን


ጎንደር፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአያ ክንዱ፤

ትናንት ከችሎቱ በር ላይ ተቀምጠው አየሁዎት፤ እጅዎን ሳልስም አለፍኩ። ፖሊሱ ሳይሆን እኔ ነኝ የቸኮልኩ፤ ዓይንዎን ማየት ከበደኝ። ይመሰክሩ ይሆናል ተብለው ከውጭ ስለቆዩ የውስጡን አልሰሙም። ይርገዱ ይህን ወረቀት ታደርሳለች።

መጀመሪያ እኔ ቆምኩ። ዐቃቤ ሕጉ ለምን ሸሸህ አለኝ፣ ፈርቼ አልኩ። ካላጠፋህ ምን ያስፈራሃል አለኝ። «በሬ ነው ብል የሚያምነኝ አልመሰለኝም» አልኩት። ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር፣ ዳኛዋ ዝም አሰኘችው።

ቀጥላ ወይዘሮ ይመኙሽ ገባች። ከሁለት ዓመት በፊት የነበረን ቀን እንዴት አስታወስሽ ተባለች። «ቀኑን እኔ ምኑን አውቄ፤ ጉልባን ግን በዓመት አንዴ ነው የምሠራው። ይኸ ልጅ ጠዋት ሳህኔን ሲመልስ ጨው ረሳሽ እንዴ ብሎ ሰደበኝ» አለች። አስማረ ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ራሱን ደፋ። ይቅርታ የጠየቃት መሰለኝ።

ከዚያ ታየች ተጠራች። ዐቃቤ ሕጉ በመጀመሪያ የጠየቃት «ከተከሳሽ ቤተሰብ ጋር ታርቀሻል ወይ?» ብሎ ነው።

«የምታረቀው ከገደለብኝ ሰው ጋር ነው። እሱን ገና አላመጣችሁልኝም» አለችው።

የበሬውን ስም ማን ነገረሽ ተባለች። «ባሌ» አለች፤ ለእርስዎ የነገረችዎትን ቀልድ ቃል በቃል ደገመችው። ስታበቃ ሳይጠይቋት ወደ ዳኞቹ ዞራ፣ «አያ ክንዱን በሐሰት እንዳትይዙብኝ። እኔን አፍረው ነው» አለች። አያ፣ ይህን በራስዎ ጆሮ ቢሰሙት እወድ ነበር።

ውሳኔው በሰኔ ነው። እስከዚያ እኔ እዚህ ነኝ። ምግቡ መጥፎ አይደለም። አስማረ ከማረሚያ ቤት ሰላምታ ልኮልኛል፤ «ዘገየህ» የሚል ቃል አለበት። ሌላ አላለም።

ሙሉቀን


ከዳባት በላይ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሙሉቀን፤

ናይሮቢ በሰላም መግባትህን የትነበርሽ ነገረችኝ። ሥራህን ያቆየልህ አለቃህ ማንም ይሁን፣ ይባረክ። ሁለታችሁን ነጻ ብለው በአንድ ቀን ሲለቁ እኔ መንገድ ተዘግቶብኝ ዳባት ቀርቼ ነበር። አንተም ላይ ሳትወጣ ተመለስክ። ግድ የለም፣ ተራራው የትም አይሄድ።

የትነበርሽ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፋ አናግረው ብላኝ ነበር፤ እንቢ አልኩ። ይኸን በወረቀት ልነግርህ ፈልጌ ነው።

አስማረ ከስቷል፣ ግን ይበላል። ሲመጣ መንደሩ ተሰብስቦ አጀበው፤ ምንይችልም ዱቄቱን ሳያራግፍ መጥቶ እግሩ ላይ ወደቀ። አስማረ አነሳውና «የሰማኸውን ነው የተናገርክ» አለው። የየሻውን ገዳይ እንደ አዲስ እየፈለጉ ነው ይባላል፤ ፖሊስ ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠይቆናል።

በሦስተኛው ቀን አስማረ ቡሬውን ለምስጋና እንረደው አለ። ለታቦቱ ተስያለሁ አለኝ። ይህ ወሬ ታየች ዘንድ ደረሰ መሰል፣ ማታውን በራሷ እግር ደጃችን መጣች። ከሁለት ዓመት በኋላ መጀመሪያዋ ነው። ግቢ ብንላት ከደጃፉ አላልፍም አለች።

«እንዳታርዱት» አለች። «እኔና የሻው ልጅ አልወለድን። እገሌ የሻው የሚባል ልጅ የለም። ስሙ የሚጠራ በዚህ በሬ ላይ ብቻ ነበር፤ እሱንም ለእኔ ብላችሁ አስቀራችሁት።»

አስማረ «በግ አርዳለሁ» አለ።

ትናንት ስንዴ ልንዘራ ጠመድን። እርፉን አስማረ ያዘ፣ እኔ ዘሩን ይዤ ዳር ቆምኩ። ታየች ከማዶ አረም ትነቅላለች። ልጄ ጅራፉን አነሳ፣ እንደኔ በፉጨት ሊነዳው ሞከረ፤ ቡሬው ንቅንቅ አላለም። ደግሞ አፏጨ።

«ጥራው እንጂ» አለች ከወዲያ፣ ቀና ሳትል።

አስማረ ወደ እኔ አየ። እኔ ዘሩን አየሁ። ያ ስም አሥራ ስምንት ዓመት አስፈርዶበት ነበርና አልፈርድበትም። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በቀስታ፣ «የሻው» አለ።

«አይሰማም እንዲያ» አለች ታየች። «ያ ሰውዬም ጆሮው ከባድ ነበር።»

ያኔ ልጄ ማሳው እስኪያስተጋባ ጠራው። በሬው እንደ ልማዱ ሳይቸኩል ሄደ። እኔም ከኋላ ከኋላ እየዘራሁ ተከተልኩ።

የደብራችን ሚካኤል ለደጃችን ያብቃህ። ስትመጣ ሳትደውል ና።

አጎትህ ክንዱ